ከጉባኤው በፊት ዲያቆኑ

የቤተ ክርስቲያንን ጤንነት በሕዝብ ብዛት የመለካት ልማድ ከከተማ ተነሥቶ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ወርዷል። ትልቅ ጉባኤ የተደረገበት አጥቢያ «ወንጌል የደረሰው» ይባላል፤ አዲስ ሕንፃ ያስመረቀው «ያደገ» ይባላል። ጥቂት አባወራ ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሣር የሆነ፣ ቄሷ ራሱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ የቆላ ቤተ ክርስቲያን ግን በሪፖርት ላይ የምትነሣው ከተቸገሩት ተርታ ብቻ ነው። እኔ በጽጽቃ ዙሪያ የማገለግል ወጣት ቄስ ነኝ። ይህን አመለካከት የሚያራምዱት ክፉ ሰዎች አለመሆናቸውን ዐውቃለሁ፤ አብዛኞቹ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ወስደው የሚመጡ ናቸው። ሐሳባቸው ግን ስሕተት ነው። ዋጋውን የሚከፍሉትም እነርሱ ሳይሆኑ ትንንሾቹ አጥቢያዎች ናቸው።

አገሩን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ጽጽቃ የዋግ ኽምራ ዞን የዝቋላ ወረዳ ከተማ ናት። ዝቋላ ሲባል ልቡ ወደ ሸዋው ተራራ፣ ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚሄድ አንባቢ አይጠፋም፤ የእኛው ዝቋላ ሌላ ነው፤ ወደ ተከዜ የሚወርድ፣ ድንጋዩ ከአፈሩ የሚበዛ አገር ነው። ከአዲስ አበባ የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ጽጽቃ ደግሞ ከሰቆጣም ወዲያ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ4 መቶ ሺህ አለፍ ይል ነበር፤ እጅግ አብዛኛውም ኦርቶዶክሳዊ ነው። የምንነጋገረው በኽምጣኛና በአማርኛ ነው።

ያ አመለካከት እንደ ተናጋሪው መልኩን ይለዋውጣል። የከተማው ምእመን «ገጠሩ ወንጌል ተርቧል፤ ጉባኤ እንውሰድለት» ይላል። ዕቅድ የሚያወጣው ሰው «እነዚህ ሁሉ ትንንሽ አጥቢያዎች ለምን ይኖራሉ? ሦስት አራቱ ተጠቃለው አንድ ጠንካራ ደብር ቢሆኑስ?» ይላል። ከራሳችን ሽማግሌዎች ደግሞ «እዚህ ሁሉም የተጠመቀ ነው፤ ስብከት ለጠረፉና ለደቡቡ ነው» የሚሉ አሉ። ሦስቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ትንሿ አጥቢያ ራሷ ወንጌል የምታደርስ አይመስላቸውም። አንዱ ይረዳታል፣ ሌላው ይዘጋታል፣ ሌላው አያስፈልጋትም ይላል።

ጉባኤው ሲመጣ የሚሆነውን ላስረዳ። ባነር ይሰቀላል። ጄኔሬተር ይጫናል፤ ድምፅ ማጉያ ይከራያል። ስመ ጥር ሰባኪና ዘማሪ በላንድክሩዘር ይደርሳሉ። ሕዝቡ ከየጎጡ ይወርዳል፤ ደስታው እውነተኛ ነው፣ ዕልልታውም እውነተኛ ነው፤ እንባ የሚያፈስሰውም ብዙ ነው። ሁለት ሌሊት እንዲህ ይታደራል። በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ ፎቷቸውን ተነሥተው ይመለሳሉ፤ ሪፖርቱም ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ቃለ እግዚአብሔር ተማረ ይላል። በሚቀጥለው እሑድ ያ ሕዝብ ወደየአጥቢያው ሲሄድ በአንዳንዶቹ ቅዳሴ የለም። ስለ ቅዳሴ ክብር ሁለት ሌሊት ሲሰበክለት የቆየው ገበሬ የሚያስቀድስበት ያጣል። ይህ በማንም ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

ቅዳሴው ለምን ጠፋ ቢባል መልሱ ሰው ስለጎደለ ነው። በሥርዓታችን ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አራት ሆነው መግባት የለም፤ በጎደለውም ምትክ ደግ ምእመን አይቆምም። ዲያቆን ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ነው። ቀን ፍየል ይጠብቃል፣ ንጋት ላይ ለኪዳን ይነሣል፣ በመካከሉ ትምህርት ቤት ይውላል። ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ዘጠነኛ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል፤ ካልሄደ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፤ አለዚያም ደላላ አግኝቶት ሳዑዲን ያልማል። በአንድ ልጅ መሄድ የአንድ ጎጥ ቅዳሴ ይቆማል። ከጎረቤት አጥቢያ ዲያቆን መዋስ አለ፤ ነገር ግን እነርሱም በዚያው ሰዓት የሚቀድሱ ናቸው። ስለዚህ ተራ ይገባል፤ አንዱ እሑድ ለዚህ፣ አንዱ ለዚያ ይሆናል። ቆይቶ ቅዳሴው ለወር በዓል ብቻ ይሆናል። በመጨረሻም ታቦቱ ለሚነግሥበት ለዓመት በዓል ብቻ ይቀራል። አጥቢያ የሚዘጋው እንዲህ ነው፤ የተዘጋበትን ቀን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ሰው ቢሟላ እንኳ የመገበሪያው ችግር አለ። ለቁርባን የሚቀርበው ስንዴ ነው፤ የእኛ ቆላ የሚያውቀው በአብዛኛው ማሽላና ጤፍ ነው። ዘቢቡ፣ ዕጣኑና ጧፉ ከገበያ ነው። የአንድ ጉባኤ የነዳጅ፣ የኪራይና የባነር ወጪ የአንዲትን ትንሽ አጥቢያ የዓመት ዕጣንና ዘቢብ ይሸፍናል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ይህን ስናገር «ሁለቱም ይደረጋላ!» የሚለኝ አለ። በወሬ ሁለቱም ይደረጋል። በተግባር ግን ሰው የሚያዋጣው ፎቶ ለሚኖረው ነገር ነው፤ ዘቢብ ደግሞ ፎቶ የለውም።

ልጁ ለምን ሄደ ብሎ መቆጣትም ቀላል ነው። ዲያቆን ለመሆን የሚማር የአብነት ተማሪ የሚኖረው ከየደጁ በሚለምነው ቁራሽ ነው። ይህ ሥርዓት ስንት ሊቅ አፍርቷል፤ ግን የሚሠራው ደጅ ላይ ቁራሽ ሲኖር ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን ድርቅ ሲመታ ከብቱ አለቀ፤ ባለቤቱ ራሱ ረድኤት ተሰላፊ ሆነ። በዚያ ዓመት አኩፋዳ አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ልጅ ምን ይሰጠዋል? የኔታ ተማሪውን ይዘው ካልተሰደዱ ጉባኤ ቤቱ ተፈታ ማለት ነው። የዛሬ ጉባኤ ቤት መፈታት ደግሞ የዛሬ አምስት ዓመት የዲያቆን እጦት ነው። የስብከት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ይህን ሰንሰለት ካላየ ምኑን አየ?

እዚህ ላይ የሚነሣብኝን ክርክር ዐውቀዋለሁ። «መልካም፤ ቅዳሴው ይቀጥል። ግን የገጠር ቄስ አይሰብክም። ግእዙን ዘልቆ ያወርደዋል፣ ሕዝቡ ሳይገባው ቆሞ ይሄዳል። ወንጌል የሚያስተምረው ጉባኤው ነው» ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ስሕተቱ ያለው ትምህርትን ከመድረክ ንግግር ጋር አንድ ማድረጉ ላይ ነው።

በከተማ ለብዙ ሰው የንስሐ አባት ማለት ስልክ ውስጥ ያለ ስም ነው። እኛ ዘንድ የንስሐ አባት ቤቱን ያውቃል። ላሚቱ መቼ እንደ ነጠፈች፣ ባልየው ከወንድሙ ጋር በወሰን ለምን እንደ ተኳረፈ፣ ዐረብ አገር ያለችው ልጅ ለምን መደወል እንዳቆመች ያውቃል። ሕፃን ሲወለድ ጸበል ይዞ ይገባል፣ ለክርስትናው ይቆማል፣ ለዝክሩ ይባርካል፣ ለፍትሐቱ ይጠራል። ሰንበቴው ላይ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ይበላል። ወንጌል ቤት ለቤት ይድረስ ብላችሁ በራሪ ወረቀት ከማተማችሁ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት ስሙን የሚያውቅ አንድ ካህን የተመደበለትን ሥርዓት ተመልከቱ። ይህን ያህል ጥብቅ የሆነ የእረኝነት መረብ ያለው ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይመስለኝም። ይህ መረብ የሚሠራው ግን ካህኑ የሚጠብቃቸው ቤቶች በእግር የሚደረስባቸውና በስም የሚያውቃቸው እስከሆኑ ድረስ ነው። ስለዚህ ትንሽነቷ የአጥቢያዋ ጉድለት ሳይሆን ሥራዋ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ደም የተፋሰሱ ሁለት ቤተሰቦችን እናስብ። መስቀል ሳይገባባቸው አይታረቁም። መስቀሉን የሚይዘው ሰው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ኑዛዜ የሰማ፣ በሁለቱም ቤት ሐዘን የተቀመጠ ካልሆነ ማን ይሰማዋል? ከሩቅ የመጣ ሰባኪ ስለ ፍቅር ሲያስተምር ሁለቱ ጠበኞች በአንድ ሜዳ ተቀምጠው «አሜን» ይላሉ፤ ሲበተን በተለያየ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እርቁን የሚያወርደው ዓመት ሙሉ የሚመላለሰው ቄስ ነው፤ አንዳንዴ ሦስት ዓመትም ይፈጃል።

ከዚህም ወዲያ ላሳይ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። አገራችን በምግብ እጥረት ስሟ መጠራቱ የሚያኮራ አይደለም፤ ቃሉ መገባቱ ግን ደግ ነው። አሁን ወደ አንዲት ጎጆ እንግባ። ነፍሰ ጡሯ እናት በዐቢይ ጾም ወተት አልቀምስም ትላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትመክራት፣ ፖስተር ብታሳያት «እግዜርን አስቀይሜ?» ብላ ትመልሳታለች። የንስሐ አባቷ መጥቶ «ልጄ፣ ፈትቼሻለሁ፤ ለልጅሽ ስትይ ብይ» ሲላት ግን ትበላለች። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጾሙን ማቅለል የእርሱ ሥልጣን ነውና። ሕግ ለሰው እንጂ ሰው ለሕግ አለመፈጠሩን የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ስብከት በየትኛው መድረክ ተሰምቷል? አድማጯ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሪፖርት ላይም አይወጣም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ደርሶ ሰቆጣ ስትያዝ መንገድ ተዘጋ፣ ባንክና ስልክ ተቋረጠ፣ ሕዝቡም ተበታተነ። ያን ጊዜ ጉባኤ ሊመጣ አይችልም ነበር፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ለሞተው ፍትሐት ያደረሰ፣ የተሰደደውን ተከትሎ የሄደ፣ የቀረውን ያጽናና የየአጥቢያው ካህን ነው። በክፉ ቀን የሚገኘውን አገልግሎት በደግ ቀን ንቆ መተው ማስተዋል የጎደለው ነገር ነው።

የቋንቋውንም ነገር ላንሣ፤ በዚህ ላይ ዝም የሚባለው በዝቷል። ግእዙ ለሁላችንም እኩል ሩቅ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪውም ለኽምጣኛ ተናጋሪውም። የሚለየን ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ነው። በትልቁ ጉባኤ ላይ ሰባኪው የሚናገረው የከተማ አማርኛ ነው፤ ቀልዱም ምሳሌውም የከተማ ነው፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ያወራል። ወጣቱ ይስቃል። በኽምጣኛ ያደጉት እናት ወጣቱ ሲስቅ አይተው ፈገግ ይላሉ። ልጆቻችን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በኽምጣኛ ይማራሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ስብከት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ኋላ መቅረቱ ያሳፍራል። የትንሿ አጥቢያ ቄስ ግን የሚናዝዘው፣ የሚመክረው፣ የሚገሥጸው በኽምጣኛ ነው፤ ሌላ ምርጫም የለው፣ ሰዎቹ የሚናገሩት እርሱን ነውና። ወንጌል በኽምጣኛ የሚነገርበት ቦታ ይህ ሆኖ ሳለ፣ «ወንጌል ያልደረሰበት» ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ቦታ ነው!

ስለ ሕንፃም ጥቂት ልበል። ከከተማ የሚመጡ ወንድሞች ቤተ ክርስቲያናችንን ሲያዩ «ሕዝቡን አትይዝም» ይላሉ። መቼ ልትይዝ ተሠራች? በአገራችን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች፤ ብዙው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያስቀድሰው በዐፀዱ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ነው። አባቶቻችን ሁሉም አንድ ተናጋሪ እያየ የሚቀመጥበትን አዳራሽ አልሠሩም። ከሰቆጣ ብዙም የማትርቀውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ያየ ሰው ይፈርዳል። ዋግ ሹሞች ነጋሪት የሚጎሰምላቸው ባለ ግርማ ገዢዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ዋግ ሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። የዋግ ሹሞቹ አስከሬን ያረፈባት ያች ውቅር ቤተ ክርስቲያን ግን ትንሽ ናት። አቅም አንሷቸው እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ታሪክ ልሂድ፤ ምክንያቱም «ትልቅ ነገር የሚሠራው በትልቅ ነው» የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። ክርስትና ወደ አገራችን በንጉሥ ዐዋጅ ገባ ብሎ መናገር ተለምዷል። ሩፊኖስ የተባለው የጥንት ጸሐፊ የመዘገበው ግን ከዐዋጁ በፊት ያለውን ነው። ፍሬምናጦስ፣ የኋላው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ገና ጳጳስ ሳይሆን በአክሱም የነበሩትን ክርስቲያን ነጋዴዎች ፈልጎ በየቦታው የሚጸልዩበት መሰብሰቢያ እንዲኖራቸው አደረገ። እስክንድርያ ሄዶ ከአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ከዚያ በኋላ ነው። ያች ጥቂት ነጋዴዎች የሚጸልዩባት ቤት ከንጉሡ ማመን ትቀድማለች።

ሩቁን ተወት አድርገን ቅርቡን እንይ። ዛሬ በመላው አገሪቱ የተዘረጋው ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት መነሻው አዳራሽ አልነበረም፤ በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሰፈሩ ውስጥ እየተሰበሰቡ የጸለዩት ጸሎት ነው። በእምነት ከማንስማማቸው ወገኖችም መማር ነውር አይደለም። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ የፕሮቴስታንቱ ድርጅት የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ ሰዎችን ነበር፤ ከጣልያን መውጣት በኋላ ሲመለሱ 10 ሺህ ያህል አገኙ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆይተው በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ 34 ሺህ ያህል ሆነዋል። በእነዚያ ዓመታት ባነር አልነበረም፣ መድረክ አልነበረም፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰባኪም አልነበረም። ይህን እያየ ዛሬም «ያለ ትልቅ ጉባኤ ወንጌል አይሰፋም» የሚል ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

«ስብከት ለጠረፉ ነው» ለሚሉት የራሳችን አባቶች መልሴ አጭር ነው። አባቶቼ፣ ዐፀዱን ቆጥራችሁ መቅደሱን አትርሱ። በአጥቢያችን ከሚያስቀድሰው ጎልማሳ ስንቱ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል? ሕፃናቱና አረጋውያኑ ይቆርባሉ፤ በመካከል ያለው ትውልድ ጠቅላላ ቆሞ ያያል። የተጠመቀ ሕዝብ እንዳለን ዐውቃለሁ፤ ከቁርባን የራቀ ሕዝብ እንዳለንም እናንተ ታውቃላችሁ። ይህን ርቀት የሚያቀርብ ሥራ ስብከተ ወንጌል ካልተባለ ምን ይባላል? እያንዳንዱ የራቀበት የራሱ ምክንያት አለው፤ አንዱ በጋብቻው፣ አንዱ በቂሙ፣ አንዱ በአራጣው። ይህ በማይክሮፎን አይፈታም።

ይጠቃለሉ ለሚሉት ደግሞ መልሴ ጠንከር ይላል። በወረቀት ላይ በሁለት አጥቢያዎች መካከል ያለው ርቀት አጭር መሥመር ነው። በዝቋላ መሬት ላይ ግን ገደል፣ ክረምት የሚሞላ ወንዝና የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። አንዲት አሮጊት ዐርባ ዓመት በእግሯ የደረሰችባትን ቤተ ክርስቲያን ወደ ማዶ ብትወስዱባት፣ የወሰዳችሁባት ቅዳሴዋን፣ ኑዛዜዋንና የመቃብር ቦታዋን ነው። ባሏ የተቀበረው እዚያው ነው። ሰንበቴው ይፈርሳል፤ ሰንበቴው ሲፈርስ የሚደጋገፉበት ይፈርሳል። አጥቢያዎቹ የተዳከሙት ትንሽ በመሆናቸው እንዳይመስለን። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቿን የምታኖርበትን መሬት አጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ አማካይነት ምእመኑ ራሱ አጥቢያውን እንዲያኖር ሥርዓት ሠርቶ ነበር። በአዲስ አበባ ብዙ ደሞዝተኛ ምእመን ባለበት ይህ ይሠራል። ድርቅ በሚመላለስበት ቆላ ግን የሰበካው አስተዋፅኦ የሚሰበሰብበት እጅ ባዶ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባው ሙዳየ ምጽዋት ወደ ዋጉ መቅደስ የሚደርስ ቀጥተኛ ድርጎ ነው፤ ማጠቃለል በሽተኛውን ቀብሮ ወረርሽኙን አጠፋሁ እንደ ማለት ነው።

አሁን ስለ ትንሿ አጥቢያ ክፉውንም ልናገር፤ አለዚያ የጻፍሁት ሁሉ ውዳሴ ይሆናል። ትንሽነት ቅድስና አይደለም። ሁሉ የሚተዋወቅበት ቦታ ሐሜት ይበዛበታል፤ የንስሐ ምሥጢር የሚጠበቅበት ጥንቃቄም በዚያው ልክ ካልበረታ ጥፋት ነው። ቄሱ የአንዱ ወገን ዘመድ በመሆኑ ፍርድ የሚያጋድልበት ጊዜ አለ። ለተዝካር ከብት አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ ለዓመታት በዕዳ የሚኖር ገበሬ አለ፤ «ይቅርብህ» የማይለው ቄስም አለ፤ አንዳንዱማ ከግብዣው ተቀዳሚ ነው። የስብከቱ ነገርም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ድጓውን ወይም ቅዳሴውን እንጂ የመጻሕፍትን ትርጓሜ አልተማርንም፤ ሰው ጥያቄ ሲጠይቀን የምንቆጣው መልሱን ስለማናውቀው ነው። ይህ እውነት ነው፤ መታረምም አለበት። የሚታረመው ግን የትርጓሜ መምህር በየአጥቢያው አንድ አንድ ወር ተቀምጦ ካህናቱን ቢያስተምር ነው። ካህናቱን ከኋላ አሰልፎ ከፊታቸው እንግዳ ሰባኪ ማቆም ሕዝቡ በራሱ ቄስ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። ሁለት ሌሊት አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ የሰማ ሕዝብ በእሑድ የቄሱን ጎልዳፋ ቃል ሲሰማ ምን ይላል? ቄሱም ይህን ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል። ቀድሞ በግማሽ ልብ ይሞክረው የነበረውን ትምህርት ጨርሶ ይተወዋል።

ሻደይ የተባለውን የልጃገረዶቻችንን በዓል ነገርም እዚህ ላይ ባነሣ ይፈቀድልኝ። ነሐሴ 16 ቀን፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ልጃገረዶቻችን ቄጤማውን በወገባቸው አስረው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በየቤቱ የሚዞሩት። በዚያ ቀን የጎጡ ወጣት ሴት ሁሉ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትገኛለች። ለእነርሱ የተዘጋጀ አንድ ቃል፣ አንድ ምክር፣ ስለ ትዳር ይሁን ስለ ስደት፣ በስንቱ አጥቢያ አለ? ሁላችንም ዓይናችን ሰቆጣ ላይ በሚደረገው መድረክ ላይ ነው። ሰው ለመሰብሰብ ያን ያህል ገንዘብ የምናወጣ ሰዎች በራሱ ፈቃድ ተሰብስቦ ደጃችን የመጣውን አናነጋግረውም።

ትልቅ ጉባኤ ጨርሶ ይቅር አልልም። በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝብ ተገናኝቶ ቢደሰት፣ የሌላውን አገር ምእመን ቢያይ መልካም ነው። ግን ጉባኤ በዓል ነው፤ በዓል ደግሞ የሚከበረው የሥራው ቀን ከተሠራ በኋላ ነው። እኛ በዓሉን አስቀድመን የሥራውን ቀን ረስተናል።

በዚህ በጋ ወደ ዋግ ኽምራ ለመምጣት የምታስቡ ማኅበራት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና በውጭ አገር ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ እንዲህ ብታደርጉ እለምናችኋለሁ። ባነር ከማሠራታችሁ በፊት ወረዳ ቤተ ክህነቱን «ልዑክ የጎደለባቸው አጥቢያዎች የትኞቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእነርሱ አንዲቱን ብቻ ያዙ፤ አሥር አትያዙ። ለዲያቆናቱ በአጥቢያው ሆነው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበትን ወጪ ቻሉ፤ ለየኔታው እህል ስፈሩ፤ መገበሪያውን፣ ዘቢቡንና ዕጣኑን የዓመቱን በአንድ ጊዜ ላኩ። የምትልኩት መምህር ካለ ኽምጣኛ የሚያውቅ ይሁን፤ ካልተገኘ የሚያስተረጉምለት ይመደብ፤ መጥቶም ለሁለት ሌሊት ሳይሆን ጾሙን ሙሉ ከካህናቱ ጋር ይቀመጥ። ይህን አምስት ዓመት ሳታቋርጡ ካደረጋችሁ በኋላ ጉባኤ ብታመጡ፣ ባነሩን ከእናንተ ጋር አብሬ እሰቅላለሁ።